የባለ ጆሮው የሕይወት ታሪክ በቦሳ አዲስ

አንድ እንግሊዛዊ አስቂኝ ተዋናይ አንድ መጋዘን፣ አንድ የሲኒማ ማሽንና አንድ ሙሉ ክረምት የፈጀ ምልልስ አስከፍሎኛል። የዳማ ጓደኛዬንም ያሳጣኝ እሱ ነው፤ ለጓደኛ ግን ዋጋ ስለማይቆረጥለት ለብቻው ይቀመጥ። ሰውየውን በአካል አይቼው አላውቅም። እሱም ጅማ የሚባል ከተማ መኖሩን ሳይሰማ የሞተ፣ ወይም ሳይሰማ የሚኖር ይመስለኛል። ሞቷል ወይስ አለ የሚለውን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ጣጣዬ ሁሉ የመጣውም ከዚችው ጥያቄ ነው።

ከአብዮቱ በፊት ሥራዬ ቡና ነበር። በሰርቦ መንገድ ካሉት ገበሬዎች ጀንፈሉን፣ ያልተፈለፈለውን ደረቅ ቡና፣ እየገዛሁ ጅማ ቦሳ አዲስ ሰፈር በነበረኝ መጋዘን አከማችና ገበያው ሲሞቅ አወጣለሁ። የተማርኩትም እዚያው ሚዛኑ ሥር ነው፤ ሰው ሲዋሽ ጆንያውን ሳልፈታ የማውቀው ከዚያ የተነሳ ነው። ደርግ ሲመጣ መጀመሪያ መጋዘኑን ወረሰና መልሶ ለእኔው አከራየኝ። በገዛ በሬ ለመግባት ኪራይ መክፈሉ ገና ሳይዋጥልኝ፣ ቀጥሎ ደግሞ ቡናውንም እኔው ልግዛው አለ። እኔ ባዶ መጋዘን ተከራይቼ የአይጥ ዘበኛ ሆኜ ቀረሁ።

ባዶ መጋዘን በዚያ ዘመን አደገኛ ንብረት ነው። ከቀበሌ አንድ ሰው መጥቶ «ይሄ ቤት ምን ይሠራል?» ብሎ ከጠየቀ፣ ሁለተኛ ሲመጣ የራሱን ቁልፍ ይዞ ነው። እኔ ዘንድ የመጀመሪያው ሰው መጥቶ ሄዷል። ሁለተኛው ሳይመጣ ቤቱን አንድ ሥራ ማስያዝ ነበረብኝ። ከዚያ ቤት ሌላ ልጆቼን የማሳድግበት ነገር አልነበረኝም።

በዚያው ሰሞን አንድ ፈረንጅ መምህር ወደ አገሩ ሊገባ ዕቃውን ይሸጥ ነበር። አልጋውንና ምድጃውን ሰው ተሻማበት። ማንም ዞር ብሎ ያላያቸው አንድ የሲኒማ ማሽንና በቆርቆሮ የታሸጉ ሁለት ፊልሞች ነበሩ። ገዛኋቸው። ፈረንጁ በመገላገሉ ደስ ብሎት አንድ የቆየ የእንግሊዝ አገር መጽሔት መረቀልኝ። ሽፋኑ ላይ ጆሮው እንደ ጎደሬ ቅጠል ግራና ቀኝ የተንሰራፋ ሰው አለ። ሁለቱም ፊልሞች የእሱ ነበሩ። ስሙን ማናችንም አፋችን ላይ ልናዞረው ስላልቻልን «ባለ ጆሮው» ብለን ቀረን።

መጋዘኑ ውስጥ አቡጀዴ ወጥሬ ማሽኑን የሞከርኩ ለት ተመልካቿ ሚስቴ ብቻ ነበረች። ሚስቴ በሠርግ ቀን እንኳ ጥርሷን ቆጥባ የምታሳይ ሴት ናት። በመጀመሪያው ፊልም ባለ ጆሮው የአንድ ሀብታም ቤት አሽከር ነው፤ ለእንግዳ ምሳ ያቀርባል። ሳህን ተሸክሞ ሲገባ በሩ ጆሮውን ይይዘዋል። ጆሮውን ሲያላቅቅ ሳህኑ ያመልጠዋል። ሳህኑን ሊያነሳ ሲያጎነብስ በመቀመጫው ጌታውን ከነወንበሩ ይገለብጠዋል። ሚስቴ ከተቀመጠችበት ጆንያ ተንሸራታ መሬት ደረሰች።

«ይሄ ሰውዬ ያኖረናል፣ ወላሂ!» አለች እንባዋን እየጠረገች።

እኔም አመንኳት። አንድን ዕቃ በአንድ ደንበኛ መመዘን እንደማይገባ እያወቅሁ አመንኳት።

ሲኒማ ለማሳየት ከቀበሌው የንቃት ኃላፊ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ኃላፊው ከአዲስ አበባ የተላከ ወጣት ነው። ጠረጴዛው ላይ ሽጉጡንና ማህተሙን ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ በየትኛው እንደሚያስተናግድህ እስክታውቅ ትንሽ ላብ ታወጣለህ።

«ፊልሙ ምን ያስተምራል?» አለኝ።

«ያስቃል፣ ጓድ።»

«ሳቁ ለማን ጥቅም ነው?»

«ለሳቂው።»

አልሳቀም። «ሰውየው ማነው? የመደብ ጀርባውስ? እንግሊዝ ነው ትላለህ። ኢምፔሪያሊስት ይሁን ወዛደር ሳይታወቅ ሰፊው ሕዝብ ፊት ላቁመው?»

የሚቆመው አቡጀዴ ላይ ነው ልል ነበር፤ ሽጉጡን አየሁና ተውኩት።

«የሕይወት ታሪኩን አስጽፈህ አምጣ» አለ። በዚያን ጊዜ ይሄ ብርቅ ትእዛዝ አልነበረም። ማንኛውም ሰው ለማንኛውም ነገር የሕይወት ታሪኩን ይጽፍ ነበር፤ እኔ ራሴ ለጨው ንግድ ፈቃድ ስል ስለ አያቴ በሬዎች ጽፌ አውቃለሁ። እንግሊዝ አገር ላለ ሰው ሲጻፍ ግን የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

መጽሔቱን ይዤ ጊንጆ ሰፈር ወደ ዳማ ጓደኛዬ ሄድኩ። እሱ ሁለተኛ ደረጃ እንግሊዝኛ የሚያስተምር፣ ወላጆቹ ከሸዋ የመጡ ክርስቲያን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ዳማ እየተጫወትን ስንሰዳደብ እንውላለን። አንድ ሌላ ሙያም አለው። የእጅ ጽሑፉና አማርኛው ስለሚያምር፣ በሰፈሩ ክርስቲያን ሲሞት ቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ የሚጽፈው እሱ ነው። እኛ ሙስሊሞች ሟችን ቶሎ ቀብረን ዱአ አድርገን እንመለሳለን እንጂ ታሪክ አናነብም። ስለዚህ ይሄን ሥራውን እንደ ሙያ አየሁት እንጂ እንደ አደጋ አላየሁትም።

«ማሎ፣ እባክህ ይሄን ሰውዬ ተርጉምልኝ» አልኩት።

«ምን አደረገህ?»

«እስካሁን ምንም። ቀበሌ ግን አባቱን ይፈልገዋል።»

መጽሔቱ እንደሚለው ባለ ጆሮው የተወለደው ከአንድ ብርዳም የወደብ ከተማ ነው። አባቱ መርከብ የሚያራግፍ ኩሊ፣ እናቱ የሰው ልብስ አጣቢ ነበሩ። ልጆች በጆሮው ሲስቁበት ቀድሟቸው ራሱ መሳቅ ለመደ፤ ይሄን ስሰማ ይሄ ሰው ነጋዴ መሆን ነበረበት አልኩ። ካደገ በኋላ እሱም ወደቡ ላይ ተሸካሚ ሆነ። አለቃውን አካሄዱንም ሳሉንም እየመሰለ ጓደኞቹን ሲያስቅ አለቃው ከኋላው ቆሞ ደረሰበትና ተባረረ። በዚያው ሳምንት ቢራ ቤት መድረክ ላይ ወጥቶ ያንኑ አለቃ በሳንቲም አሳየ። ጦርነት ሲመጣ ወታደሩን እያሳቀ አለፈ። ከዚያ ፊልም ሠሪዎች አገኙት። ዕድሜ ልኩን አሽከር፣ በረኛ፣ ሻንጣ ተሸካሚ አድርገው አሠሩት፤ ጌታ ሆኖ አንድም ጊዜ አልሠራም። ሦስት ሚስት አግብቶ ነበር። ሦስቱም «ቤት ውስጥ አይስቅም» ብለው ጥለውት ሄዱ።

መምህሩ ሁለት ጊዜ የደገመው አንድ ቦታ ነበር። ባለ ጆሮው ሸምገል ሲል ሳቁ ሰለቸውና፣ ልጁ ጦርነት የሞተበት አባት ሆኖ ቲያትር ቤት መድረክ ላይ ወጣ። ለዚያ ሥራ ብዙ ወር ተዘጋጅቷል። ገና ሲገባ ሰዉ ጆሮውን አይቶ ሳቀ። እሱ ሲያለቅስ እነሱ ባሰባቸው። ከዚያ ወዲያ መድረክ አልወጣም፤ ሲጠይቁትም «አንድ ጊዜ ዝም ብለው ቢያዩኝ ምን ነበረበት» ይላል።

«ሚስኪን» አልኩ።

«አርቲስት ነው» አለ መምህሩ።

«እኔስ ምን አልኩ?»

መምህሩ ተርጉሞ ጻፈው፤ ወሰድኩት። ኃላፊው አንብቦ መለሰው። አስተካክለን ወሰድን፤ እንደገና መለሰው። ክረምቱ በዚህ አለቀ። መጋዘኑ ባዶ ነው፣ ኪራዩ ይቆጥራል፣ እኔ ደግሞ በጭቃ ውስጥ ስለ አንድ እንግሊዝ አጣቢ እናት ለማስረዳት እመላለሳለሁ። በመጨረሻ ኃላፊው መምህሩንም እኔንም ጠርቶ ጽሑፉን እየቆረጠ መረመረን።

«አባቱ ኩሊ። ጥሩ ነው። ሚስቶቹ ሦስት ናቸው?»

«በየተራ ነው» አለ መምህሩ።

«ሁለቱ ይውጡ።»

የትኞቹ እንደሚወጡ አልጠየቅንም።

«ጦርነቱ ላይ ለማን ተዋጋ?»

«አልተዋጋም፣ ወታደር ያስቅ ነበር» አልኩ።

«የኢምፔሪያሊስት ወታደር?»

«ፋሺስትን የሚወጋ ወታደር» አለ መምህሩ ቶሎ ብሎ።

«ይቆይ። አሽከር ሆኖ ሲሠራ በጌታው ላይ ለምን አያምጽም?»

«ሳህን ይሰብራል» አልኩ።

ኃላፊው ቀና አለ። «በስህተት ነው ሆን ብሎ?»

እኔና መምህሩ ተያየን። «ጌታው እያየ ነው የሚሰብረው» አልኩ።

«ሆን ብሎ» ብሎ ኅዳጉ ላይ ጻፈ። ያ ልጁ የሞተበት አባት ነገር ይወጣል ብዬ ስጠብቅ ወደደው። «የወዛደሩን ልጅ ሀዘን ከበርቴዎች ሳቁበት፤ ይሄ ጠንከር ተደርጎ ይጻፍ» አለ። ከዚያ ማህተሙን አነሳ። ተገላገልኩ ስል ማህተሙን አየር ላይ አቆመው።

«አንድ ነገር አለ። ሰዉ ማንን እንደሚያይ አውቆ ይይ። ከእያንዳንዱ ፊልም በፊት ይሄ የሕይወት ታሪክ ቆሞ ይነበባል። አንባቢው መምህሩ ነው።»

መምህሩ «እሺ፣ ጓድ» አለ፤ ማህተሙም ወረደ። የሚመጣውን ያኔውኑ አይቶት እንደነበር በኋላ ነገረኝ። «ታዲያ ለምን አልተናገርክም?» ብለው፣ «ሽጉጡ ወደ እኔ በኩል ነበር» አለኝ።

ሰዓት እላፊ ስለነበር ፊልሙ እሑድ ከሰዓት በኋላ እንዲታይ ተወሰነ። ጆንያ ላይ ሳንቃ ጋድሜ መቀመጫ ሠራሁ፤ የቆርቆሮውን ቀዳዳ በጨርቅ ደፈንኩ። ቦሳ አዲስና ጊንጆ ተጠራርቶ መጣ፤ ከሰርቦ ድረስ በጭነት መኪና ተሳፍረው የመጡ የድሮ ደንበኞቼ ነበሩ። ከጭንቁ ዓመት፣ ከቀይ ሽብሩ ወዲህ ሰው ተሰብስቦ የሚስቅበት ቦታ አጥቶ ነበርና በሩ ላይ ገና ሳይገቡ ይሳሳቁ ነበር። እኔ በልቤ የመጋዘኑን ኪራይ ከፍዬ፣ ሦስተኛ ፊልም አስመጥቼ ጨርሻለሁ።

መምህሩ ገባ። ያለው አንድ ካፖርት ነው፤ ጥቁር ነው፤ ለቀብር የሚለብሰው ነው። ነጩን አቡጀዴ ከኋላው አድርጎ ቆመ። ወረቀቱን ዘረጋ። በለመደው ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ «ከአባታቸው ከወደብ ሠራተኛው፣ ከእናታቸው ከልብስ አጣቢዋ...» ብሎ ጀመረ።

በሩ አጠገብ የነበረ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን አውልቆ ተነሳ። አጠገቡ ያለው ተነሳ። ከዚያ ሳንቃው ሁሉ ተንቋቋና ቤቱ ሞልቶ ቆመ። ፊት ለፊት የተቀመጠው ኃላፊውም ለአብዮቱ የተደረገ አክብሮት መስሎት ነው መሰለኝ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። እኔ ማሽኑ ጋ ሆኜ ግራ ገባኝ። ሙስሊሞቹ ክርስቲያኖቹን አይተው «ኢና ሊላሂ» ማለት ሲጀምሩ ነው የገባኝ። ሰው የሚያውቀው የሕይወት ታሪክ ሲነበብ የሚሰማበትን ቦታ አንድ ብቻ ነው። ባለ ጆሮውን ገና ሳላሳየው ቀብሬዋለሁ።

መምህሩ ልጁ የሞተበት አባት ላይ ደረሰ። ልጁን አጥቶ ሲያለቅስ ሰዎች እንደሳቁበት አነበበ።

«ሳቁበት?» አለ አንድ ድምፅ ከፊተኛው ሳንቃ። «ልጁ ሞቶበት ሳቁበት?»

ጎረቤቴ ናት፤ እትዬ ነው የምንላት፤ ጎመን ቸርቻሪ ናት። አንድ ልጅ ነበራት። በጭንቁ ዓመት ከቤቱ ወስደውት አልተመለሰም። ሬሳ አልሰጧትም፤ እንዳታለቅስም በሯ ላይ ዘበኛ አስቀመጡባት። በማግሥቱ ጎመኗን ይዛ ገበያ ወጥታ ነበር፤ ዓይኗ ደረቅ ነበር። እኔ ራሴ ገዝቻታለሁ፤ ምንም አላልኳትም፤ የሚባል አልነበረም።

አሁን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረቷን መታች። ከዚያ ሌላዋ ተቀበለቻት። ከዚያ ሌላው። መጋዘኑ በለቅሶ እንደ ንብ ቀፎ ጮኸ።

ፊልሙን ለቀቅሁት። ምን ላድርግ? ምናልባት ሲያዩት ይስቃሉ ብዬ ነው። በሩ ጆሮውን ያዘው። ፀጥ። ሳህኑ ወደቀ። «ውይ፣ ውይ» አለች አንዷ። ጌታውን ከነወንበሩ ሲገለብጠው አንዱ ከኋላ አቃሰተና «እይ እስኪ፣ አቦ፣ በቁሙ አንድ ቀን ሳያርፍ ሄደ» አለ። የሞተ ሰው ላይ መሳቅ ነውር ነው፤ ሰዉ ጨዋ ነበር። ሚስቴ እንኳ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ነበር፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ስለነበር እያለቀሰች ነው ብለው ውሃ አመጡላት።

ሲወጡ አንድ በአንድ እጄን ጨበጡ። «አላህ ያጽናህ።» «እግዚአብሔር ያጥናህ።» «ዘመድ ነው የሥራ ባልደረባ?»

«አልሞተም!» አልኩ።

«እሺ፣ እሺ» አሉኝ፤ ሀዘን የጸናበትን ሰው እንደሚያባብሉ።

ያ ሳምንት አላስቀመጠኝም። ቤቴ ለቅሶ ደራሽ መጣ፤ ሚስቴ ሳትወድ ንፍሮ ቀቀለች። ሰርቦ ገበያ ብወርድ አንድ የማውቃቸው ገበሬ አህያቸውን አቁመው፣ «ኦቦ፣ ያ ፈረንጅህ አረፈ አሉ። ሰብር አድርግ» አሉኝ። አልሞተም ብዬ ተሟገትኩ። «ኤዬን፣ አዎ፣ እንዲህ ነው መጀመሪያ ላይ፤ ልብ አይቀበልም» ብለው ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ሄዱ።

ወደ ኃላፊው ሮጥኩ። «ጓድ፣ ንባቡ ይቅርልኝ። ሰዉ ባለ ጆሮው ሞቷል ብሎ አይስቅም፤ ካልሳቀ አይመለስም።»

«ሰፊው ሕዝብ ለእንግሊዝ ወዛደር ልጅ አለቀሰ» አለ፤ ደስ ብሎታል። «ይሄ ዓለም አቀፋዊ ወገናዊነት ነው። ለበላይ ሪፖርት አድርጌዋለሁ። ይቀጥላል።»

ስለዚህ በሁለተኛው እሑድ በራሴ መንገድ ላስተካክለው አልኩ። መምህሩ ሳይጀምር ሳንቃ ላይ ወጣሁና፣ «ወገኖቼ፣ ስሙኝ» አልኩ። «ይሄ ሰውዬ አልሞተም። በሕይወት አለ። ደህና ነው። አገሩ ላይ በሰላም ይኖራል።»

በሕይወቴ ብዙ የከሰረ ነገር ተናግሬያለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን አልተናገርኩም። ቤቱ ሞልቶ አንገቱን ደፋ። በዚያ ዘመን እኛ አገር «ደህና ነው፣ በሕይወት አለ» የተባለለትን ሰው ሁሉም ያውቀዋል። እስር ቤት በር ላይ «ደህና ነው፣ ስንቁን አስቀምጪ» እየተባሉ ለወራት ምግብ ያመላለሱ እናቶች እዚያው ሳንቃ ላይ ተቀምጠዋል።

እትዬ ቀስ ብላ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ። «ይተዉት» አለች በሹክሹክታ። «እኔንም እንዲህ ነበር ያሉኝ። እርስዎንም አዝዘውዎት ነው፤ ይገባኛል።»

ከሳንቃው ወረድኩ። ከመጀመሪያው እሑድ የባሰ ተለቀሰ። ኃላፊው ደግሞ በኋላ ጠርቶ፣ «ሰውየው በሕይወት መኖሩን በምን አወቅህ? ከውጭ አገር ደብዳቤ ይመጣልሃል?» አለኝ። ስለዚህ ሞቷል ብል ሲኒማው ይሞታል፣ አለ ብል እኔ እታሰራለሁ። እንደዚያ ያለ ገበያ ገብቼ አላውቅም።

በሦስተኛው እሑድ መጋዘኑ ጢም አለ። የመጡትን ግን አየሁ፤ ወጣት የለም፣ ሰርቦዎች የሉም፣ ሳቂታ የለም። ነጠላ ያዘቀዘቁ፣ ጥቁር የለበሱ፣ ከማላውቀው ሰፈር ሁሉ የመጡ እናቶችና አባቶች ናቸው። ቆመው ሰሙ። ያቺ ቦታ ስትደርስ አለቀሱ፤ የባለ ጆሮውን ስም ሳይሆን ሌላ ሌላ ስም እየጠሩ፣ አፋቸውን በነጠላ አፍነው። የቀበሌ ዘበኛ በሩ ላይ ቆሟል፤ ማህተም ያለበት ለቅሶ ስለሆነ የሚከለክለው የለም። ሲጨርሱ ዓይናቸውን ጠርገው ወጡ። ፊልሙን ለባዶ ሳንቃ አሳየሁት። ባለ ጆሮው ብቻውን ሳህን ሰበረ፣ ብቻውን ወደቀ፣ ብቻውን ተነሳ። ያ ሰው አንድ ጊዜ ዝም ብለው ቢያዩኝ ብሎ ነበር። ዝምታውስ ተሟልቶለት ነበር፤ የጎደለው የሚያየው ሰው ነው።

ስወጣ እትዬ አጥሩ ጥግ ትጠብቀኝ ነበር። «በሚመጣውም እሑድ ይነበባል?» አለችኝ።

እውነቱን ልናገር፤ ተናደድኩባት። ስለ ፊልሙ አንድ ቃል የጠየቀኝ ሰው የለም። ማሽን ገዝቼ፣ ክረምቱን በጭቃ ተመላልሼ፣ የሠራሁት ሲኒማ የለቅሶ ቤት ሆነ፤ እሷ ደግሞ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ትይዛለች። «እኔ ምን አውቄ» ብያት አለፍኩ።

በዚያው ሳምንት ኃላፊው አስጠራኝ። ፊቱ ተለውጧል። ያ ለበላይ ያደረገው ሪፖርት ተመልሶ መጥቶበታል፤ «ሕዝቡ በእርግጥ የሚያለቅሰው ለማነው?» የሚል ጥያቄ ይዞ። ማህተሙ መሳቢያ ገብቷል፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሽጉጡ ብቻ ነው።

«በእንግሊዙ አሳብበው ለጸረ አብዮተኞች ነው የሚያለቅሱት» አለኝ። «ቁጭ በል። እኔ አንተን አልፈልግህም። ንባቡ ከእንግዲህ ቀርቷል። ፊልምህን ታሳያለህ፣ መጋዘንህን ትይዛለህ። የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ለቅሶውን ማን ጀመረው?»

ስለምነው የከረምኩት ይሄንኑ ነበር፤ ያለ ንባብ ፊልም። እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ልጆቼ አሉ፣ ኪራዩ አለ።

«ጨለማ ነበር፣ ጓድ» አልኩ።

«ሲነበብ መብራት በርቷል።»

«ፊልሙን እየጠቀለልኩ ነበር፤ ጀርባዬን ሰጥቼ።»

«መጋዘኑን ትፈልገዋለህ አትፈልገውም?»

እፈልገዋለሁ። በጣም እፈልገው ነበር። የእትዬ ስም ምላሴ ላይ ነበር፤ አጭር ስም ነው፣ አንድ ትንፋሽ አይወስድም። ለምን እንዳልወጣ ዛሬም ድረስ አሳምሬ ልነግራችሁ አልችልም። ነጋዴ ነኝ፤ ሰው ግን ሸጬ አላውቅም፤ ዋጋውን አላውቀውም።

«ማን እንደጀመረ አላየሁም» አልኩ። «ያየሁት ሁሉም መቆሙን ነው። እርስዎም ቆመው ነበር፣ ጓድ። ኮፍያዎን አውልቀው። ያንን የማይመሰክር ሰው የለም።»

 ከዚያ ወዲያ ስም አልጠየቀኝም። መሳቢያውን ሳበና ማህተሙን አወጣ።

በማግሥቱ መጋዘኑ ታሸገ። ወዲያው የቀበሌው የስኳርና የሳሙና ማከማቻ ሆነ። ማሽኑን ከነፊልሞቹ «ለንቃት ሥራ» ብለው ወሰዱት፤ ሲሠራ ያየው የለም። ጽሑፉ በመምህሩ እጅ የተጻፈ ስለነበር እሱን ወደ ሩቅ ጠረፍ አዛወሩት። ጓዙን ሲጭን ሄጄ ነበር፤ እጄን ጨበጠ እንጂ አላወራኝም፤ ከዚያም አልጻፈልኝም። እኔ ጨው በጣሳ መቸርቸር ጀመርኩ። እትዬ እሑድ መጥታ የታሸገውን በር አይታ፣ ሳትጠይቀኝ ተመለሰች።

ሒሳቡ ይሄው ነው። ፊልሙ ለሕዝብ ሦስት ጊዜ ቀረበ። በገሃድ የሳቀ የለም። ሰዉ ሳያለቅስላቸው የቀሩትን ልጆቹን ሦስት እሑድ አለቀሰላቸው። ኪሳራው የእኔ ነው፤ አልተመለሰም።